ዮሰሚቲን በመስታወት ላይ ያስቀረው ፎቶግራፍ አንሺ

እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1861 ዓ.ም በጁላይ ወር፣ በካሊፎርኒያ ተራሮች መካከል ወደሚገኝ አንድ ጥልቅ ሸለቆ ደርዘን ያህል የጭነት በቅሎዎች በቀጭን መንገድ ይወርዱ ነበር። ጭነታቸው እህል አይደለም፤ በዚያ አገር የተለመደው የወርቅ መቆፈሪያም አይደለም። በቅሎዎቹ የተሸከሙት ከአናጺ እጅ የወጣ ግዙፍ የእንጨት ካሜራ፣ ተጠንቅቀው የተጠቀለሉ የመስታወት ሰሌዳዎች፣ ጨለማ ድንኳን፣ ባለ ሦስት እግር መቆሚያ፣ እንዲሁም ሽታቸው የሚያውድ ፈሳሾች የተሞሉባቸው ጠርሙሶች ነበር። ጭነቱ ተደምሮ ወደ አንድ ቶን ይጠጋል። ከበቅሎዎቹ አንዷ ብትደናቀፍ የወራት ዝግጅት ገደል ይገባል። ወደ ሸለቆው የሚያስገባ የጋሪ መንገድ የተሠራው ከዚህ ጉዞ አሥራ ሦስት ዓመታት በኋላ ነው።

የዕቃው ባለቤት የሠላሳ አንድ ዓመቱ ካርልተን ዋትኪንስ ይባላል። ሸለቆው ደግሞ ዮሰሚቲ ነው። ዋትኪንስ ከዚያ ይዞት የወጣው ምስል በሺዎች ኪሎ ሜትር ርቀው የሚኖሩ፣ ቦታውን በዓይናቸው አይተው የማያውቁ ሰዎች ስለ አንድ መሬት ሕግ እንዲያወጡ ምክንያት ሆኗል። እርሱ ራሱ ግን ለዘመናት የሚቀር ሥራ ሠርቶ፣ ከሥራው አንዳች ሳይተርፈው፣ በአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል ሞተ። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታትና ወራት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ዋትኪንስ ኖቬምበር 11 ቀን 1829 በኒው ዮርክ ግዛት ኦኒዮንታ በምትባል ትንሽ ከተማ ተወለደ። የቤቱ የበኩር ልጅ ነበር። ዓሣ ማጥመድና አደን ይወድ፣ በቤተ ክርስቲያን መዘምራን መካከልም ይዘምር ነበር። በዚያችው ከተማ ሱቅ ከነበረው ኮሊስ ሀንቲንግተን ከሚባል ነጋዴ ጋር ተወዳጀ። ይህ ወዳጅነት ዕድሜ ልኩን ተከትሎታል።

በካሊፎርኒያ ወርቅ ተገኘ የሚለው ወሬ በ1848 ከተሰማ በኋላ የምሥራቁ ክፍል ወጣቶች እርሻቸውንና ሱቃቸውን እየተዉ ወደ ምዕራብ ጎረፉ። ዋትኪንስም ሀንቲንግተንም ከእነዚያ መካከል ነበሩ። ሁለቱም በወርቅ ቁፋሮ አልከበሩም። ሀንቲንግተን ለቆፋሪዎች አካፋና ምግብ መሸጥ ከመቆፈር እንደሚሻል ቶሎ ገባውና ከጊዜ በኋላ የሴንትራል ፓስፊክ ባቡር ኩባንያ ባለቤቶች ከሆኑት አራት ባለጸጎች አንዱ ለመሆን በቃ። ዋትኪንስ ለማዕድን ሠፈሮች ዕቃ አመላለሰ፤ ቆየት ብሎም በሳን ፍራንሲስኮ በመጽሐፍ መሸጫ ተቀጠረ።

ወደ ፎቶግራፍ ሙያ የገባው አስቦበት አይደለም። በ1850ዎቹ መጀመሪያ ሮበርት ቫንስ የተባለ ታዋቂ ፎቶግራፍ አንሺ ከሠራተኞቹ አንዱ በድንገት ጥሎት ሄደ። ዋትኪንስ ክፍተቱን ለጥቂት ቀናት እንዲሸፍን ተጠየቀና ገባ። ሥራው ደንበኛን ወንበር ላይ አስቀምጦ ሳይንቀሳቀስ እንዲቆይ መለመን ነበር። ለጥቂት ቀናት የገባበት ሙያ ከዚያ በኋላ አልለቀቀውም።

በ1850ዎቹ መጨረሻ ለብቻው ሲሠራ የጠሩት ሥዕል ወዳዶች ሳይሆኑ የመሬት ባለቤቶችና ጠበቆች ነበሩ። ካሊፎርኒያ ከሜክሲኮ ወደ አሜሪካ ከዞረች ገና አሥር ዓመት ያህል ቢሆናት ነው፤ ይህ ተራራ የማን ነው፣ የማዕድኑ ወሰን ከየት እስከ የት ነው የሚለው ክርክር ፍርድ ቤቶችን አጨናንቋል። ዳኛ ፈረስ ጭኖ ወሰን ለማየት ከሚሄድ፣ የወሰኑ ምስል ወደ ችሎት ቢመጣ ይቀላል። ዋትኪንስም ሸንተረሩንና ሸለቆውን አንድም ነገር ሳይጎድል የሚያሳይ ፎቶግራፍ እንዲያዘጋጅ ይቀጠር ጀመር። የወሰን ክርክር ያየ ገበሬ እንደሚያውቀው፣ በእንዲህ ዓይነቱ ነገር አንዲት ዋርካ ወይም አንድ የድንበር ድንጋይ ከምስሉ ብትቀር ጠብ ታመጣለች። በእኔ ግምት ዋትኪንስ ከቅርብ ድንጋይ እስከ ሩቅ ጫፍ ሁሉን አጥርቶ የማስቀረት ልማዱን ያዳበረው ከኪነ ጥበብ ይልቅ በዚህ የችሎት ሥራ ነው።

የዚያን ዘመን የፎቶግራፍ አሠራር ዛሬ ስልኩን አውጥቶ ፎቶ ለሚያነሳ ሰው ሊገባው ያስቸግራል፤ ስለዚህ ረጋ ብሎ ማስረዳት ያስፈልጋል።

በመጀመሪያ፣ ትንሽን ምስል አጉልቶ ማተም ያኔ እንዲህ በቀላሉ የሚቻል አልነበረም። ትልቅ ፎቶግራፍ የፈለገ ሰው የዚያኑ ያህል ትልቅ መስታወት፣ ለመስታወቱም የሚበቃ ትልቅ ካሜራ ሊኖረው ግድ ነው። ዋትኪንስ ለዮሰሚቲ ጉዞ ያሠራው ካሜራ 46 በ56 ሴንቲ ሜትር ገደማ የሚሆን የመስታወት ሰሌዳ የሚይዝ ነበር። ይህ መጠን በሙያው ሰዎች ዘንድ ማሞት ይባላል፤ ከምድር ገጽ በጠፋው ግዙፍ የዝሆን ዘር ስም መሆኑ ነው።

ሁለተኛው ነገር መስታወቱ ራሱ ነው። ባዶ መስታወት ብርሃን አይዝም። ፎቶግራፍ አንሺው በአሲድ የታከመ ጥጥ በኤተርና በአልኮል ሟሙቶ የተዘጋጀውን ኮሎዲየን የሚባል ዝልግልግ ፈሳሽ በመስታወቱ ላይ ያፈስሳል፤ መስታወቱን በአራቱም ማዕዘን እያዘነበለ ፈሳሹ እኩል እንዲዳረስ ያደርጋል። እንጀራ ጋጋሪ ሊጡን በምጣዱ ላይ ዳር እስከ ዳር ለማዳረስ የምታሳየውን ጥንቃቄ ያስታውሷል። ቀጥሎ በጨለማው ድንኳን ውስጥ ሰሌዳውን ብር ካለበት ውሁድ ውስጥ ይነክረዋል። ከዚያ በኋላ ጊዜ የለም። ሰሌዳው ሳይደርቅ ወደ ካሜራው መግባት፣ ብርሃን መቀበልና ወደ ድንኳኑ ተመልሶ መታጠብ አለበት። በሞቃትና ደረቅ አየር ይህ ሁሉ በደቂቃዎች ውስጥ ካልተጠናቀቀ ሥራው ከንቱ ነው። አንድ የአቧራ ብናኝ ወይም ሰሌዳው ላይ ያረፈች አንዲት ዝንብ ምስሉን ታበላሻለች። ድንኳኑ ውስጥ ያለው የኤተር ሽታ ደግሞ ራስ ያዞራል፤ እሳት ቢነካውም ይነዳል።

ሦስተኛው የብርሃኑ ቆይታ ነው። የዛሬ ካሜራ መዝጊያ በሰከንድ አንድ መቶኛ ጊዜ ተከፍቶ ይዘጋል። የዋትኪንስ ካሜራ ግን እንዲህ ያለ መዝጊያ አልነበረውም። ፎቶግራፍ አንሺው በሌንሱ አፍ ላይ የተገጠመውን ክዳን በእጁ ያነሳል፣ ጊዜውን ይቆጥራል፣ መልሶ ይከድነዋል። ሰፊውን ሸለቆ በአንድ ጊዜ የሚይዝ ሌንስ ተጠቅሞ፣ እግሩ ሥር ያለውን ድንጋይና አድማስ ላይ ያለውን ተራራ እኩል ለማጥራት የፈለገ ሰው የሌንሱን ቀዳዳ ማጥበብ አለበት። ቀዳዳው ሲጠብ የሚገባው ብርሃን ያንሳል፤ ብርሃኑ ሲያንስ ክዳኑ ተነስቶ የሚቆይበት ጊዜ ይረዝማል። እንደ ቀኑ ብርሃንና እንደ ቦታው ጥላ፣ ከሰከንዶች አልፎ ደቂቃዎችን ሊወስድ ይችላል።

በእነዚያ ደቂቃዎች የሚንቀሳቀስ ነገር ሁሉ መልኩ ይለወጣል። ከገደል የሚወረወረው ፏፏቴ ነጠብጣብነቱ ይጠፋና ከአለቱ ላይ እንደ ተንጠለጠለ ነጠላ ይታያል። የወንዙ ሞገድ ተስተካክሎ ገጹ እንደ ተወለወለ መስታወት ይሆናል። ነፋስ ያወዛወዘው ቅጠል ጭጋግ ይመስላል። በቦታው የተላወሰ ሰው ወይ ይደበዝዛል፣ ወይ ጨርሶ አይታይም። ዋትኪንስ ከነፋስ ጋር መታገል ሞኝነት እንደሆነ ስለገባው ጠዋት አየሩ ሳይነሳ፣ ቅጠል ሁሉ ረግቶ ሳለ መሥራትን መረጠ። ለዚህም ነው በሥዕሎቹ ውስጥ ጥዱ እያንዳንዱ ቅርንጫፉ እየተቆጠረ፣ ተራራው በሐይቁ ላይ ሳይሰበር ተገልብጦ የሚታየው። ሰማዩ ግን ሁልጊዜ ባዶና ነጭ ነው፤ ኮሎዲየኑ ሰማያዊ ብርሃንን ከመጠን በላይ ስለሚጠጣ ደመናን ለይቶ ማስቀረት አይችልም ነበርና። አንዳንድ ፎቶግራፍ አንሺዎች ደመናን ከሌላ ሰሌዳ እያመጡ ይቀጥሉ ነበር። የዋትኪንስ ምርጥ ሥራዎች ግን ባዶውን ሰማይ እንደ ባዶ ትተው የገደሉን ጠርዝ እንደ መቀስ ስለት ያወጡበታል።

ምስሉ በወረቀት የሚታተመውም በፀሐይ ነው። ወረቀቱ የእንቁላል ነጭ ይቀባል፣ በብር ውሁድ ይታከማል፣ ከመስታወቱ ጋር ተጣብቆ ፀሐይ ላይ ይሰጣል። ካሜራው በሄደበት ሁሉ እንደ ገበሬ ሰማይ ሰማይ ማየት የሙያው ግዴታ ነበር።

በ1861ዱ ጉዞ ዋትኪንስ 30 ያህል የማሞት ሰሌዳዎችና በመነጽር ሲታዩ ጥልቀት የሚሰጡ 100 ያህል ጥንድ ምስሎች ይዞ ተመለሰ። ከመሬት 900 ሜትር ገደማ ቀጥ ብሎ የቆመውን ኤል ካፒታን የተባለ የግራናይት ገደል፣ በሦስት እርከን 739 ሜትር የሚወርደውን የዮሰሚቲ ፏፏቴ፣ በአቅራቢያው ባለው የማሪፖሳ ጫካ የሚገኙትን እጅግ ግዙፍና በሺህ ዓመታት ዕድሜ የሚቆጠሩ ዛፎች አስቀረ። ግሪዝሊ ጃያንት ከሚባለው ዛፍ ሥር የቆሙትን ሰዎች ያየ ሰው የዛፉን ግዝፈት ለማመን ሌላ ምስክር አያስፈልገውም። ከቆሙት አንዱ ጌለን ክላርክ ሲሆን በኋላ የቦታው የመጀመሪያ ጠባቂ ሆኖ ተሹሟል።

ምስሎቹ በ1862 መጨረሻ በኒው ዮርክ ከተማ ጉፒል በተባለ የሥዕል አዳራሽ ለእይታ ቀረቡ። አገሪቱ ያኔ በእርስ በርስ ጦርነት ውስጥ ነበረች፤ በየጋዜጣው የሚወጣው የሙታን ስም ዝርዝር ነው። በዚያ መካከል ሰው ወንድሙን የማይገድልበት ጸጥ ያለ ሸለቆ ማየት ለተመልካቹ ምን ስሜት እንደሚሰጥ መገመት አይከብድም። ሐኪምና ደራሲ የነበረው ኦሊቨር ዌንደል ሆምስ በ1863 በጻፈው መጣጥፍ ምስሎቹን አሞገሰ።

ከምስሎቹ የተወሰኑት ካሊፎርኒያን በሴኔት የሚወክሉት ጆን ኮነስ እጅ ገቡ። እኚህ ሴናተር በ1864 መጋቢት ገደማ ዮሰሚቲ ሸለቆና የማሪፖሳ ጫካ ለካሊፎርኒያ ግዛት በአደራ እንዲሰጡ የሚጠይቅ ረቂቅ ሕግ አቀረቡ። ቦታው ለሕዝብ መጠቀሚያና መዝናኛ እንዲሆን፣ ለግለሰብም እንዳይተላለፍ የሚደነግግ ነበር። ፕሬዚዳንት አብርሃም ሊንከን ጁን 30 ቀን 1864 ፈረሙበት። ሊንከን ካሊፎርኒያን ረግጠው አያውቁም። የፌዴራሉ መንግሥት አንድን መሬት ለውበቱ ሲል ከሽያጭ ሲያስቀር ያ የመጀመሪያው ነበር፤ ቢጫ አለት የሚል ትርጉም ያለው የሎውስቶን የመጀመሪያው ብሔራዊ ፓርክ ተብሎ የተከለለው ከስምንት ዓመታት በኋላ ነው። የታሪክ ጸሐፊዎች ለሕጉ መውጣት ከሚጠቅሷቸው ምክንያቶች መካከል የዋትኪንስ ፎቶግራፎች በቀዳሚነት ይገኙበታል።

እዚህ ላይ ምስሎቹ ያላሳዩትን መናገር ተገቢ ነው። ሸለቆው ባዶ አልነበረም። አህዋኒቺ የሚባሉ ነባር ሕዝቦች ለብዙ ትውልድ ኖረውበታል፤ ስሙንም አህዋኒ ይሉት ነበር። ዋትኪንስ በቅሎዎቹን እየነዳ ከመግባቱ አሥር ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ1851፣ የማሪፖሳ ሻለቃ የተባለ የታጠቀ ኃይል ወደ ሸለቆው ገብቶ ቤታቸውንና ለክረምት ያከማቹትን ምግብ አቃጥሎ አባርሯቸዋል። አለቃቸው ቴናያ ይባሉ ነበር። ጥቂቶች ቆይተው ተመልሰዋል፤ በኋላም ለጎብኚዎች በሥራ እየተቀጠሩ በገዛ አገራቸው ኖረዋል። የምሥራቁ ከተማ ነዋሪ ግን በሥዕሉ ላይ ያየው ፈጣሪ ትናንት ሠርቶ የጨረሰው የሚመስል ሰው ያልነካው ምድር ነው። ዋትኪንስ ሆን ብሎ ዋሽቷል ለማለት አያስደፍርም። ሰው የሌለበት የሚመስል ምድር ግን ለመከለልም ለመውሰድም ይቀላል።

ዋትኪንስ በ1865ና በ1866 ከካሊፎርኒያ የሥነ ምድር ጥናት ባለሙያዎች ጋር ወደ ዮሰሚቲ ተመለሰ። በጣም የሚታወቀው ሥራው የዚያ ጊዜ ነው። ካሜራውን ከፍ ካለ ሸንተረር ላይ ተክሎ ሸለቆውን ከአፉ እስከ ጓዳው በአንድ ሰሌዳ ያዘው። በፊት ለፊት አንድ ረጅም የጥድ ዛፍ ብቻውን ቆሟል፤ ከበስተኋላው ፏፏቴ ይወርዳል፤ በስተመጨረሻ ግማሹ የተቆረጠ ጉልላት የሚመስለው የሃፍ ዶም ተራራ ይታያል። ዓይን ከዛፉ ተነስቶ እየተራመደ እስከ ተራራው ይደርሳል። በዚያው ሰሞን በሸለቆው ሰሜናዊ ጫፍ ያለ አንድ ተራራ በስሙ ዋትኪንስ ተብሎ ተሰየመ። ተራራው ከበታቹ በሚገኘው መስታወት ሐይቅ ላይ ጥላውን ሲጥል ራሱ ዋትኪንስ አንስቶታል።

በ1867 በፓሪስ ዓለም አቀፍ ትርኢት ላይ ሜዳሊያ ተሸለመ። በዚያው ዓመት ወደ ኦሪገን ተጉዞ የኮሎምቢያን ወንዝ አነሳ። በ1870 ደግሞ በሻስታ ተራራ ላይ ያለውን የበረዶ ግግር ከጥናት ቡድን ጋር ወጥቶ መዝግቧል። የልጅነት ወዳጁ ሀንቲንግተን በባቡሩ በነጻ እንዲጓዝ ፈቅዶለት ነበርና የፎቶግራፍ ጋሪውን በክፍት ፉርጎ ላይ አስጭኖ፣ ለእንስሶቹም መኖ ይዞ ይዞር ነበር። እንዲህ ባለ ጉዞ ከሠዓሊው ወዳጁ ከዊሊያም ኪት ጋር በ1873 እስከ ዩታ ዘልቋል።

ዋትኪንስ ምድርን እንጂ ገንዘብን ማየት አልሆነለትም። የ1861ዱን ምስሎች የባለቤትነት መብት ሳያስመዘግብ ስለተዋቸው በምሥራቅ ያሉ አሳታሚዎች እየገለበጡ ሸጧቸው። በሳን ፍራንሲስኮ ታላቁ ጎዳና ላይ የከፈተው ያማረ አዳራሽ ብድር አስከተለ። በ1875 የካሊፎርኒያ ባንክ ሲወድቅ ከተማዋን የመታው ቀውስ እርሱንም አገኘው። አበዳሪው ጆን ኩክ አዳራሹን ብቻ ሳይሆን የመስታወት ሰሌዳዎቹንም ወሰደ። አይዛያ ታበር የሚባል ፎቶግራፍ አንሺም ከእነዚያው ሰሌዳዎች እያተመ በራሱ ስም ይሸጣቸው ጀመር። አሥራ አራት ዓመት በበቅሎ የተመላለሰበት ድካም በሌላ ሰው ማኅተም ገበያ ወጣ።

የአርባ ስድስት ዓመት ሰው ሆኖ እንደ ገና ከመጀመሪያው ተነሳ። ያነሳቸውን ቦታዎች ሁሉ ዳግም እየዞረ በአዲስ ሰሌዳ አነሳቸው፤ ስብስቡንም አዲሱ ተከታታይ ሲል ሰየመው። በ1879፣ ሃምሳ ዓመት በሞላበት ዕለት፣ ፍራንሲስ ስኒድን አገባ። ጁሊያ የተባለች ሴት ልጅና በወዳጁ ስም የተጠራ ኮሊስ የሚባል ወንድ ልጅ ወለዱ።

በ1880ዎቹ የሠራው ሥራ ለገበሬ አንባቢ ከዮሰሚቲው ይልቅ የሚቀርብ ይመስለኛል። በካሊፎርኒያ ደቡባዊ ሜዳ ከርን በሚባል አውራጃ ያኔ ከባድ የውሃ ክርክር ነበር። ጄምስ ሃጊን የሚባል ባለጸጋ ከከርን ወንዝ ቦይ እየቀደደ ደረቁን ሜዳ በመስኖ ያለማ ጀመር። ከታች ያሉት ሚለርና ላክስ የተባሉ ከብት አርቢዎች ደግሞ ውሃው በደጃችን ስለሚያልፍ መብቱ የእኛ ነው ሲሉ ከሰሱት። አስቀድሞ የጠለፈ ይጠቀም ወይስ ዳሩ ላይ የሰፈረ? ጉዳዩ እስከ ካሊፎርኒያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ በ1886 ለታችኞቹ ተፈረደ። ሁለቱ ወገኖች ግን በ1888 ውሃውን ለመካፈል ተስማሙ። ስምምነቱ እንደተፈረመ ሃጊንና ሸሪኩ መሬቱን በትንንሹ ቆርሰው ለአዲስ ገበሬዎች ለመሸጥ ተነሱ፤ ገዢ እንዲስብላቸውም ዋትኪንስን ቀጠሩት።

እርሱም የውሃ መክፈቻዎችን፣ ቀጥ ብለው የተዘረጉ ቦዮችን፣ የአልፋልፋ ማሳዎችን፣ የፍራፍሬ እርሻዎችንና የአዳዲስ ሰፋሪዎችን ቤቶች በመቶዎች በሚቆጠሩ ሰሌዳዎች አነሳ። ማስታወቂያ መሆናቸው አያከራክርም። ደረቁ መሬት፣ የጠፋው ሰብል፣ ውሃ ያልደረሰው ሰው በሥዕሉ ውስጥ የሉም። ሆኖም ቦይ እንዴት እንደሚቀደድ፣ ውሃ እንዴት እንደሚታገድና እንደሚለቀቅ በዚያ ጥራት ያሳየ የዘመኑ ሰው ማግኘት ይከብዳል። ከእነዚህ አንዱ በእንጨት ሣጥን ውስጥ በረድፍ የተደረደረ የኮክ ፍሬ ነው። ዘጠኝ መቶ ሜትር ገደልን በአንድ ሰሌዳ ለመያዝ የለመደው ካሜራ ወርዶ ወደ አንድ ሣጥን ቀረበ። እያንዳንዱ ኮክ ከነጉድጓዱና ከነጠባሳው ይታያል። ኮክ አይንቀሳቀስም፤ ነፋስም አያወዛውዘው፤ ክዳኑ የፈለገውን ያህል ተነስቶ ቢቆይ የሚጎዳው የለም።

በ1890ዎቹ ዓይኑ ይደክም፣ ጉልበቱም ይከዳው ጀመር። ኪራይ መክፈል ስላቃተው በ1895 ገደማ ከሚስቱና ከሁለት ልጆቹ ጋር ዓመት ተኩል ያህል በተጣለ የባቡር ፉርጎ ውስጥ ኖረ። ሀንቲንግተን ይህን ሲያይ በካፔይ ሸለቆ የሚገኝ የእርሻ ቦታ ሰጠው። ዋትኪንስ ግን ልቡ ከተማ ባለው ስብስቡ ላይ ነበር። የተረፈው ሀብት የመስታወት ሰሌዳዎቹ ብቻ ናቸው።

ሀንቲንግተን በ1900 ሞተ። በ1906 የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ሙዚየም ስብስቡን ለመረከብ አስቦ ኃላፊው መጥቶ አይቶት ነበር። ብዙም ሳይቆይ፣ ኤፕሪል 18 ቀን ማለዳ፣ ሳን ፍራንሲስኮ በርዕደ መሬት ተናወጠች። መንቀጥቀጡን ተከትሎ የተነሳው እሳት ለቀናት ነድዶ የዋትኪንስን ቤተ ሙከራ፣ ሰሌዳዎቹንና መዝገቦቹን አጠፋ። በዚያ ቀን የተነሳ አንድ ፎቶግራፍ አለ፤ ጺማም ሽማግሌ ከዘራ ይዞ በሰው ተደግፎ በጎዳና ሲሄድ ያሳያል። ዕድሜውን በሙሉ ከካሜራው ጀርባ የቆመ ሰው በዚያ ቀን ከፊቱ ተገኘ፤ ያን ጊዜ ግን ዓይኑ ጠፍቶ ነበር። ታበር የወሰዳቸው የቀድሞዎቹ ሰሌዳዎችም ከዚያው እሳት አላመለጡም።

ከዚያ በኋላ አልተነሳም። ልጁ ጁሊያ ጥቂት ዓመታት በእርሻው ቦታ ጠበቀችው። አእምሮው እየተናወጠ ሲሄድ ግን አልቻለችም፤ በ1910 ናፓ ወደሚገኘው የአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል ገባ። ጁን 23 ቀን 1916 በሰማንያ ስድስት ዓመቱ ሞተና በሆስፒታሉ ግቢ ምልክት በሌለው መቃብር ተቀበረ።

ሥራው ተርፎ የተገኘው ቀድሞ ተሸጦ ስለነበር ነው። ጎብኚ ለማስታወሻ የገዛው፣ ባለ ማዕድኑ በቢሮው የሰቀለው፣ የዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት በአልበም ያስቀመጠው የወረቀት ኅትመት ከየቦታው ተለቅሞ ከአንድ ሺህ በላይ የማሞት ምስሎች ዛሬ ይታወቃሉ። የአሜሪካ ታላላቅ ሙዚየሞችና የኮንግረሱ ቤተ መጻሕፍት ይዘዋቸዋል፤ ስታንፎርድም በእሳቱ ያጣውን ባያገኝም አልበሞች አሉት።

የደንና የአፈር ባለሙያዎች እነዚህን ኅትመቶች ይዘው ዋትኪንስ ወደቆመባቸው ቦታዎች ይመላለሳሉ። በ1860ዎቹ ምስሎች ላይ የሸለቆው ወለል ሰፊ የሣር ሜዳ ነው፤ ዛፎቹ ተራርቀው ቆመዋል። ዛሬ በዚያው ቦታ የቆመ ሰው ጥቅጥቅ ያለ የጥድ ደን ይጋርደዋል። ሜዳውን ያቆየው አህዋኒቺዎች ቁጥቋጦውን በየጊዜው በልክ እያቃጠሉ፣ ባሉጥ የሚለቅሙባቸውን የኦክ ዛፎች ከጥዱ እየተከላከሉ መኖራቸው ነበር። ሰዎቹ ሲባረሩ፣ እሳቱም በአዋጅ ሲከለከል ጥዱ ሜዳውን ወረረው። ዋትኪንስ ሰው ያልነካው አድርጎ ያሳየው ምድር የሰው እጅ ያለበት እንደነበር የሚመሰክረው አሁን ያው የእርሱ ፎቶግራፍ ሆኗል። በስሙ የተጠራው ተራራ የሚታይበት መስታወት ሐይቅም ከተራራው በሚወርደው አሸዋ እየተሞላ ነው፤ በረዶው ቀልጦ ካለቀ በኋላ ባሉት ደረቅ ወራት ውሃው ይሸሽና ሰው በእግሩ ይሻገረዋል።